ከመቅደላ እስከ ኮቨንትሪ፤ የአርምስትሮንግ ሲድሊ መኪና ታሪክ

በሞተሩ ክዳን ጫፍ ላይ የግብጽን ስፊንክስ ተሸክሞ በእንግሊዝ አገር ጎዳናዎች ለአርባ ዓመት ያህል ሲመላለስ የኖረው፥ መኳንንትና ባለጸጎች ስለ ድምፁ ዝግታና ስለ መቀመጫው ምቾት ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱለት አርምስትሮንግ ሲድሊ የተባለው መኪና ከመካነ ሰላም ገበያ፥ ከለጋምቦ ብርድና ከበሽሎ ቆላ ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የመኪናው ስም ከሁለት ስሞች የተጋጠመ ነው፤ አንደኛው ወደ ወሎ ምድር የመጣው መድፍ ሆኖ በዝሆን ጀርባ ተጭኖ ሲሆን፥ ሁለተኛው ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፊት የቀረበው የመጀመሪያው መኪና ሆኖ ነው። ሁለቱ ስሞች በአንድ የሠሌዳ ጽሕፈት ላይ የተገናኙት ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለሆነ፥ እኔ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ልጅ ታሪኩን ከመቅደላ ብጀምረው ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። የአገራችንን ዘመን በራሳችን አቆጣጠር ዓ.ም እያልሁ፥ የእንግሊዞቹን ደግሞ እንደ እነርሱ አቆጣጠር ቍጥሩን ብቻ እጽፋለሁ።

ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነግሠው፥ በዓመቱም ሸዋን አስገብረው የንጉሥ ኃይለ መለኮትን ልጅ ሕፃኑን ምኒልክን ይዘው በተመለሱበት ወራት፥ በእንግሊዝ ሰሜን በኒውካስል ከተማ ዊልያም አርምስትሮንግ የተባለ ሰው አዲስ መድፍ ይሠራ ነበር። ይህ ሰው ቀድሞ የሕግ ጠበቃ ሆኖ የኖረ፥ ኋላም የውሃን ኀይል ዕቃ ማንሻ በማድረግ ጥበብ ስሙ የተጠራ ሲሆን፥ በክሪሚያ ጦርነት ወታደሮች ከባድ መድፍ ለመጐተት ያዩትን መከራ በጋዜጣ አንብቦ፥ ውስጡ የተጠመዘዘ፥ ከኋላው የሚጐርስ፥ ክብደቱ ቀሎ ርቆ የሚመታ መድፍ ለመንግሥቱ አቀረበ። ሕፃኑ ምኒልክ በመቅደላ አምባ ላይ አሥር ዓመት ያህል ሲያድጉ፥ ከንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥትን ሥርዓት ሲማሩና ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽን ሲያገቡ፥ የአርምስትሮንግ መድፍ በሩቅ አገር ስሙ እየገነነ ሄደ። በሰኔ 1857 ዓ.ም ምኒልክ ከአምባው አምልጠው፥ በወሎዋ ባላባት በወይዘሮ ወርቂት ምድር አልፈው ወደ ሸዋ ገቡ። ያ ወጣት ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ባለመኪና ንጉሥ እንደሚሆን በዚያች ሌሊት የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

ለመንኰራኵር የሚሆን መንገድ በወሎ ደጋ ላይ በታላቅ ድካም የተከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የሰበሰቧቸው የአውሮፓ ሠራተኞች ሴባስቶፖል የተባለውን፥ ክብደቱ ሰባ ኩንታል ያህል የሆነውን መድፍ አቅልጠው በሠሩላቸው ጊዜ፥ በ1860 ዓ.ም መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ እስኪደርሱ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ፈጀባቸው። በዚያ ጕዞ ላይ የሆነውን በዝርዝር ማሰብ ይገባል። በቤተ ሖር በኩል ወጥተው የጅዳን ገደል ወረዱ፤ የደላንታን ሜዳ አቋርጠው ወደ በሽሎ ቆላ ዘቀጡ፤ ከዚያም ወደ አሮጌና ወደ ሰላምጌ ወጡ። ጋሪ አይቶ በማያውቅ ምድር ላይ ቋጥኙ እየተፈነቀለ፥ ዳገቱ እየተሰነጠቀ፥ መድፉን የጫነው ሠረገላ በጠፍር ታስሮ በመቶ በሚቈጠሩ ሰዎች ጕልበት ወደ ላይ ሲሳብ፥ በቍልቍለቱም እንዳያመልጥ ወደ ኋላ ሲያዝ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በቦታው የነበሩት አውሮፓውያን ጽፈዋል። እኔ ይህን ሥራ ከመድፉ አስበልጬ አየዋለሁ። መድፉ በጦርነቱ ቀን ምንም ያልረባ ሲሆን፥ መንገዱ ግን በዚህ ደጋ ለመንኰራኵር ተብሎ በታቀደ መሐንዲሳዊ አሳብ የተቀየሰ ነበርና።

የሚያሳዝነው፥ በዚያው መንገድ ላይ ተከትለው የመጡት ጠላቶቻቸው መሆናቸው ነው። ከዙላ ወደብ የተነሣው የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ከህንድ ያመጣቸው 44 ዝሆኖች ነበሩት፤ ከእነዚህም ብርቱዎቹ የአርምስትሮንግን መድፎች በጀርባቸው ተሸክመው፥ ጅዳንና ደላንታን አፄ ቴዎድሮስ ባስጠረጉት መንገድ አልፈው በሽሎን ተሻገሩ። በስቅለት ቀን በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም መድፎቹ የአምባውን በር ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጃቸውን ለጠላት ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። የመቅደላ መድኃኔ ዓለም መጻሕፍት፥ ጽዋዕ፥ አክሊልና አልባሳት በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ ወርደው፥ በዚያ በሐራጅ ተሸጡ። የአርምስትሮንግ ስም ወደ ወሎ የገባው በዚህ ዓይነት ነው፤ የመኪናውን ውበት የምንናገር ሰዎች ይህን ምዕራፍ ብንዘለው በአባቶቻችን ላይ በደል መፈጸማችን ይሆናል።

የሁለተኛው ስም ምንጭ ደግሞ ከጦር ፈጽሞ የራቀ፥ የእኛ ደገኛ ሰምቶ የሚደሰትበት ነገር ነው፤ የበግ ጠጕር ነው። በ1837 በአየርላንድ የተወለደው ፍሬድሪክ ወልስሊ፥ ወንድሙ ጋርኔት በወታደርነት ከፍ ከፍ ብሎ በ1882 ግብጽን የያዘው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ እስኪሆን ሲደርስ፥ እርሱ በወጣትነቱ ወደ አውስትራልያ ሄዶ በበግ እርባታ ላይ ተሰማራና፥ በእጅ መቀስ የሚሸለተውን ጠጕር በመኪና ለመሸለት ብዙ ዓመት ደከመ። በ1887 በሲድኒ ከተማ የበግ መሸለቻ መኪና ኩባንያ አቋቋመ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ደንሎፕ በተባለ አንድ የእርባታ ሥፍራ ከ180,000 በላይ በጎች በዚህ መኪና ተሸለቱ።

በለጋምቦና በወሎ ቦረና ከፍታ ላይ የበግ ሽለታ እንዴት እንደሚደረግ ያየ ሰው የዚህን ሥራ ትርጕም ከማንም በላይ ያስተውላል። ብርዱ ጋብ ሲል ገበሬው በጉን አራት እግሩን ጠፍሮ በሣር ላይ ያጋድመዋል፤ ጕልበቱን በትከሻው ላይ አሳርፎ መቀሱን ከሆዱ በኩል ጀምሮ ቆዳውን ሳይነካ ወደ ጀርባው ያስኬዳል፤ ጠጕሩም እንደ ለምድ ሳይበተን ይነሣል። ከዚያ ሴቶች ያጥቡታል፥ ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ባናና ዝተት ያደርገዋል፤ ያ ባና በጉጉፍቱ ውርጭ ውስጥ ለሚያድር መንገደኛ ከቤት የማይተናነስ መጠጊያ ነው። አንድ በግ ሸልቶ ለመጨረስ የሚጠይቀውን ትዕግሥት የሚያውቅ ሰው፥ ይህን ድካም ለማቅለል ሲባል የተፈጠረ ኩባንያ ኋላ መኪና ወደ መሥራት መሸጋገሩን ሲሰማ አይደነቅም፤ ስለታማውን ምላጭ በፍጥነት የሚያመላልስ ጥርስና ዘንግ የሠራ እጅ ለሞተርም አያንስምና።

ይህን ሽግግር የፈጸመው ኸርበርት ኦስቲን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በ1866 ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ አውስትራልያ የሄደ፥ በዚያም የወልስሊን መሸለቻ ድክመት እየመረመረ ሲያሻሽል የነበረ ብልህ ሰው ሲሆን፥ ኩባንያው ወደ እንግሊዝ በተዛወረ ጊዜ በበርሚንግሃም የፋብሪካው ኀላፊ ሆነ። የሽለታ ሥራ በዓመቱ አንድ ወራት ብቻ የሚበረታ ስለሆነ፥ በቀሪው ጊዜ ፋብሪካው ሥራ እንዳይፈታ ሲያስብ ከ1895 እስከ 1896 ባለው ጊዜ ባለሦስት እግር መኪና ሠራ። ያን ጊዜ በእኛ አገር የሆነውን ማንም አይረሳውም፤ አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም የክተት አዋጅ አስነግረው፥ ሠራዊቱ በጥቅምት ወር እንዲገናኛቸው የቀጠሩት እርሳቸው ራሳቸው በንጉሥነታቸው ዘመን በቈረቈሯት በወረኢሉ ነበር። የበርሚንግሃሙ መካኒክ ሦስት መንኰራኵር ሲያገጣጥም፥ በወሎ ደጋ ላይ ከየአውራጃው የመጣ እግረኛና ፈረሰኛ፥ ስንቅ የጫነ በቅሎና አህያ፥ ድንኳንና ነጋሪት ሜዳውን ሞልቶት ነበር። ያ ሠራዊት ወደ ዓድዋ የሄደው በእግሩና በፈረሱ ነው።

በ1901 ቪከርስ የተባለው ታላቅ የመሣሪያ ፋብሪካ የወልስሊን የመኪና ክፍል ገዝቶ ራሱን የቻለ ኩባንያ አደረገው፤ የበግ መሸለቻውም ለብቻው ቀረ። ኦስቲን ግን ሞተሩ እንደ ተጋደመ መሠራት አለበት ብሎ ግትር አለ፤ ዘመኑ ደግሞ ወደ ቆመው ሞተር አዘነበለ። የቆመውን ሞተር ይዞ የመጣው፥ ከእርሱ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደው የማንችስተሩ ጆን ዳቨንፖርት ሲድሊ ነው። ይህ ሰው በብስክሌትና በጎማ ንግድ አድጎ በ1902 በራሱ ስም የመኪና ኩባንያ ያቋቋመ፥ ሸማቹ የሚወደውን ቀድሞ የሚያውቅ፥ በሠራተኛው ላይ ብርቱ፥ በቃሉ ቈራጥ ሰው ነበረ። በ1905 ኦስቲን ተቈጥቶ ወጣና የራሱን ፋብሪካ በሎንግብሪጅ ተከለ፤ ሲድሊ በቦታው ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ መኪናውም ወልስሊ-ሲድሊ ተባለ። ሕዝቡ ግን አሳጥሮ ሲድሊ ይለው ጀመር።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ይኸው ሲድሊ ነው። በ1907 ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ፥ ዌልስ ከተባለ ሹፌሩ ጋር ከለንደን ተነሥቶ በመርከብ ጅቡቲ ወረደና፥ ከዚያ በረሃውን ሰንጥቆ አዋሽን ተሻግሮ፥ በ1900 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ። ይህ ቤንትሊ በኋላ ዘመን በስሙ ታላቅ የመኪና ፋብሪካ ያቋቋመው ቤንትሊ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ያ ሌላ ሰው ሲሆን ሥራውን የጀመረው በ1919 ነው። የጕዞው ታሪክ ክሊፈርድ ሃሌ በተባለ ጸሐፊ ተጽፎ በ1913 በለንደን ታትሟል።

የዚያ ዘመን መኪና ምን ዓይነት ፍጥረት እንደ ነበረ የዛሬ ሹፌር ቢያየው ይገረማል። ሞተሩ የሚነሣው ሹፌሩ ከፊት ቆሞ ማንቬላውን አስገብቶ በክንዱ ኀይል ሲያዞረው ነው፤ ማንቬላው ወደ ኋላ ከረገጠ ክንድ ይሰብራል። ጎማው ቀጭን፥ ጣራው ሸራ፥ ውሃው ቶሎ የሚፈላ፥ ቤንዚኑ በመንገድ የማይገኝ በመሆኑ፥ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በግመልና በበቅሎ መላክ ነበረበት። አሸዋ በዋጠው ጊዜ ይቈፈራል፤ ወንዝ ባጋጠመው ጊዜ ዳርና ዳሩ ይደለደላል፤ ገደል በሆነበት ሥፍራ በሰውና በእንስሳ ጕልበት እየተሳበ ይወጣል። ከአፄ ቴዎድሮስ ሠረገላ ወዲህ አርባ ዓመት አልፎ እንኳ፥ መንኰራኵር በኢትዮጵያ ተራራ ላይ የሚወጣው ገመድ በሚስብ የሰው ክንድ ነበር።

አፄ ምኒልክ መኪናውን በታላቅ ደስታ ተቀበሉት፤ ተሳፍረውም ሄዱበት። ከዚያ በፊት ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሄደውን ከባድ መኪና ከድሬዳዋ በኩል አምጥቶላቸው፥ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ሲለው ነበርና ከተማይቱ ለመንኰራኵር ድምፅ ፈጽማ እንግዳ አልነበረችም። ዳሩ ግን በራሱ ኀይል እየበረረ የሚሄድ ቀላል ሠረገላ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሁለተኛውን አስከተለ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የንጉሠ ነገሥቱ ልብ ነው። በልጅነታቸው በመቅደላ አምባ እስረኛ የነበሩ ሰው፥ ያ አምባ በአርምስትሮንግ መድፍ ሲደበደብ በሸዋ ሆነው ዜናውን የሰሙ ሰው፥ ወደ ዓድዋ በወረኢሉ በኩል በበቅሎ የሄዱ ሰው፥ በስድሳ ሦስት ዓመት ዕድሜያቸው የእንግሊዝን መኪና በገዛ ግቢያቸው አስነሥተው ተቀመጡበት። አውሮፓ የሠራውን ሁሉ ሳይፈሩ መርምረው፥ የሚጠቅመውን ለአገራቸው የሚወስዱ ንጉሥ እንደ ነበሩ ከዚህ የበለጠ ምስክር አልሻም። ይሁን እንጂ በመኪናው ብዙ አልተደሰቱም፤ ሕመሙ በረታባቸው፤ ከ1902 ዓ.ም ጀምሮ ከአልጋ ውለው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም ዐረፉ።

ሲድሊ ራሱ ደግሞ ከወልስሊ ጋር ተጣልቶ በ1909 ወጣና በኮቨንትሪ ካፒቴን ዲዚ ወዳቋቋመው አነስተኛ ፋብሪካ ገባ። ከጥቂት ዓመት በኋላም ፋብሪካው ሲድሊ-ዲዚ ተባለ። ሞተሩ ድምፅ አልባ ስለ ነበር አንድ ጋዜጠኛ ዝምታውን ከስፊንክስ ዝምታ ጋር ቢያስተያየው፥ ሲድሊ ይህን ቃል ወድዶ ስፊንክስን የመኪናው ምልክት አደረገው። ይህ ስፊንክስ የቆመው ከአባይ ደለል በተሠራው የግብጽ ለም ምድር ዳርቻ ነው፤ ደለሉ ከጎጃምና ከጎንደር፥ ከወሎም የሄደ ነው። በደጋችን ጫፍ ላይ ቆሞ ቍልቍል የሚያይ ሰው፥ ወለቃና በሽሎ የእኛን አፈር ጠርገው ወደ አባይ ሲያገቡ በክረምት በዓይኑ ያየዋል። እንግሊዞች የዝምታ አርማ አድርገው የመረጡት ሐውልት በእኛ አፈር ዳርቻ መቀመጡን ሳስብ የዚህ መኪና ታሪክ ለእኛ ባዕድ አለመሆኑ ይበልጥ ይጸናብኛል።

በ1919፥ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት፥ ሁለቱ ስሞች ተገናኙ። አርምስትሮንግ በ1900 ከሞተ ቆይቷል፤ ኩባንያው ግን ከዊትዎርዝ ጋር ተዋሕዶ መርከብና መድፍ እየሠራ ገንኖ ነበር። የሰላም ዘመን ሲመጣ የመድፍ ገበያ ስለ ቀዘቀዘ፥ የሲድሊን ፋብሪካ ገዝቶ አርምስትሮንግ ሲድሊ አለው። እነሆ፥ መቅደላን የደበደበው መድፍ ስምና የምኒልክ መኪና ስም በአንድ ራዲያተር ላይ ተጻፉ። በ1927 ሲድሊ ገንዘብ ተበድሮ የገዙትን ሰዎች መልሶ ገዛቸው፤ በዚያው ዓመት ወልስሊ ከሥሮ ለዊልያም ሞሪስ ተሸጠ። የወልስሊ ስም ከዚያ በኋላ በሌሎች እጅ እስከ 1975 ቆይቶ ጠፋ።

አርምስትሮንግ ሲድሊ ለፈጣን መኪና ወይም ለርካሽ መኪና አልደከመም፤ ለሐኪሙ፥ ለዳኛው፥ ለባላባቱ የሚሆን፥ ከባድ፥ የረጋ፥ ዘመን የሚሻገር መኪና ሠራ። ትልቁ ሥራው ከ1928 ወዲህ የተቀበለው የዊልሰን ካምቢዮ ነው። በተራ መኪና ሹፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ሲቀይር እጅና እግሩ በአንድ ጊዜ መስማማት አለባቸው፤ ዳገት ላይ አንዲት ስሕተት ብትፈጠር ማርሹ ይጮኻል፥ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በዚህኛው ግን ሹፌሩ ቀጥሎ የሚፈልገውን ማርሽ ከመሪው ሥር ባለች ትንሽ እጀታ አስቀድሞ ይመርጣል፤ ዳገቱ ሲደርስ በግራ ፔዳል አንድ ጊዜ ይረግጥና ይለቃል፤ ማርሹም ያለ ጩኸት ይገባል። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ጭነት ይዞ የወጣ ሹፌር ሁሉ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል እገምታለሁ፤ በእነዚያ ጠመዝማዞች ላይ ማርሽ አልገባ ብሎ ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ከኋላ ጎማ ሥር ሲሮጥ ያላየ የወሎ መንገደኛ የለምና። በ1932 የቀረበው ሲድሊ ስፔሻል ከሁሉ የላቀው ሆነ፤ ባለ አምስት ሊትር ሞተሩ ከቀላል የአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ፥ ዋጋው የባለጸጋ ዋጋ የሆነ፥ ቍጥሩም ከሁለት መቶ ኀምሳ እምብዛም ያልዘለለ መኪና ነበር።

በዚያው ዘመን በወሎ ምድር የመኪና ድምፅ የተሰማው በሌላ ምክንያት ነው። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ አፄ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን በደሴ አድርገው፥ ከተማይቱ ኅዳር 1928 ዓ.ም ከአየር ከተደበደበች በኋላ፥ መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ውጊያ ሆነ። ከዚያ መልስ ንጉሠ ነገሥቱ በላሊበላ አልፈው፥ ደሴ በጠላት እጅ መውደቋን በሰሙ ጊዜ በወሎ ደጋ በወረኢሉ በኩል በበቅሎ ወደ ፍቼ ሄዱ። ጠላት ደግሞ ከደሴ ተነሥቶ ከ1,700 በሚበልጡ ፊያት፥ ላንቻና ሌሎች መኪናዎች ሠራዊቱን ጭኖ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ያን ጊዜ ወሎዬው መኪናን ያወቀው በዚህ መልኩ ነው፤ ንጉሡ በበቅሎ፥ ጠላት በመኪና።

በ1935 ሲድሊ ዕድሜው ወደ ሰባ ሲጠጋ ድርሻውን ሁሉ ለሆከር ኩባንያ ሸጠና ሆከር ሲድሊ የተባለው ታላቅ የአውሮፕላን ማኅበር ተመሠረተ። እርሱም የኬኒልወርዝ ባሮን ተብሎ፥ የጥንቱን የኬኒልወርዝ ግንብ ገዝቶ ለሕዝብ ሰጥቶ፥ በ1953 ሞተ። ፋብሪካው ግን ቀጠለ፤ በግንቦት 1945 የአውሮፓ ጦርነት ባበቃበት ሰሞን፥ ላንካስተርና ሃሪኬን በተባሉ የጦር አውሮፕላኖች ስም የተጠሩ አዳዲስ መኪናዎች አወጣ፤ በ1952 ሳፋየርን፥ በ1958 ስታር ሳፋየርን አስከተለ። እነዚህ መኪናዎች መልካም ነበሩ። ነገር ግን ጃጓር ያንኑ ምቾት በአነሰ ዋጋ ሲሸጥ፥ የባለቤቶቹም ልብ ወደ አውሮፕላን ሞተር ሲያዘነብል፥ መኪናው ገበያ አጣ። በ1960 የመጨረሻው ስታር ሳፋየር ከፋብሪካው ወጣ። የሞተሩም ክፍል ከብሪስቶል ጋር ተዋሕዶ ጥቂት ቆይቶ በ1966 ሮልስ ሮይስ ጠቀለለው። በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ሮልስ ሮይስና ሌሎች ታላላቅ መኪናዎች የክብር ቦታ ይዘው ከኖሩ በኋላ፥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በትንሽ ቮልስዋገን ነው።

የአርምስትሮንግ ሲድሊ ባለቤቶች ግን መኪናቸው እንዲረሳ አልፈቀዱም። ፋብሪካው ባቆመበት በ1960 ማኅበር አቋቋሙ፤ ኋላም የተረፈውን መለዋወጫና የመኪናውን ስም ከሮልስ ሮይስ ተረክበው፥ የእያንዳንዱን መኪና ቍጥር፥ የተሠራበትን ቀንና የባለቤቶቹን ተራ በመዝገብ ይጠብቃሉ። ከሁሉ የምቀናባቸው በዚህ ነው።

እኛ ዘንድ መኪናው ከመንገዱ ቀድሞ መጣ፤ መንገዱም ወደ ምዕራብ ወሎ ዘግይቶ ደረሰ። ዛሬ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በአቀስታና በመካነ ሰላም አልፎ አባይን በመሻገር ጎጃም ጉንደወይን የሚደርሰው መንገድ፥ አባቶቻችን ቀን ቈጥረው የሚሄዱትን ጕዞ ወደ ሰዓት አውርዶታል፤ በመካነ ሰላም አደባባይም ኤንትሬው፥ አይሱዙው፥ ላንድክሩዘሩና ባጃጁ እየተጋፋ ይውላል። በዚያ መንገድ ግንባታ ላይ ድንጋይ የፈለጡ፥ የመጀመሪያውን መኪና ባዶ እግራቸውን ተከትለው የሮጡ፥ ጭቃ ውስጥ ሲገባ በገመድ የሳቡ፥ በረዳትነት ጀምረው ሹፌር የሆኑ አዛውንት አሁንም በቦረና፥ በአማራ ሳይንት፥ በከላላ፥ በለጋምቦና በተንታ አሉ። ስለዚህ በመካነ ሰላምና በቱሉ አውልያ የምትማሩ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ልጆች፥ የየወረዳው መምህራን፥ አያት ያላችሁ ሁሉ፥ ወደየወረዳችሁ የመጀመሪያው መኪና በየትኛው ዓመት ገባ፥ ማን ነዳው፥ ምን ጭኖ መጣ፥ በየት በኩል ወጣ ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ከነስማቸውና ከነዓመተ ምሕረቱ በወረቀት ጻፉልን።